መደበኛ ጦር የልዩ ዘመቻ አዛዥን የሚደግፍበት አሠራር፦ ከ1933ቱ የጎጃም ዘመቻ በመነሣት

የአንድ እግረኛ ሻለቃ አዛዥ ከበላይ ዕዝ አጭር መልእክት ይደርሰዋል፤ «በቀጠናህ ልዩ ዘመቻ የሚፈጽም ኃይል ይገባል፤ አስፈላጊውን ድጋፍ ስጥ» ይላል። በዚህ መልእክት ውስጥ መከራ የሚያመጣው «አስፈላጊውን» የሚለው ቃል ነው። ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜና በማን ውሳኔ እንደሚሰጥ ካልተቆረጠ፣ ቸሩ አዛዥ ከተጠየቀው በላይ ሰጥቶ ምስጢር ያወጣል፤ ጠንቃቃው ደግሞ ማረጋገጫ ሲጠብቅ ሰዓቱ ያልፍበታል። ይህ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ አዛዥና ለመምሪያው መኮንኖች የተዘጋጀ ነው። የልዩ ዘመቻ ኃይል ከመደበኛ ጦር የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው፦ መንገድ፣ በቅሎ፣ ባትሪ፣ የሚከፈት ኬላ፣ የሚሰማ ሬዲዮ። ያንን ተራ ነገር ግን በተባለው ሰዓትና በተባለው ቦታ ካላገኘው ዘመቻው ይበላሻል። (ልዩ ዘመቻ ስንል በብሔራዊ ጦር ውስጥ ለተለየ ተልእኮ የሠለጠነውን ኮማንዶና መሰሉን እንጂ፣ በስም የሚቀራረበውን የቀድሞውን የክልል ልዩ ኃይል ማለታችን አይደለም።)

ምሳሌውን ለመፈለግ ከጎጃም መውጣት አያሻንም። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ጥቂት ሰዎችና የሬዲዮ መሣሪያ ይዞ ከሱዳን ወደ ጎጃም ገባ፤ ቡድኑ «ሚሽን 101» ይባል ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበር ተሻገሩ። ከእርሳቸው ጋር የዘመተውና እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ያዘዘው «የጌዴዎን ኃይል» ዋና ክፍሎቹ የሱዳን ድንበር ሻለቃና 2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነበሩ። በሺዎች ከሚቆጠሩት የጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ፣ በቁጥር ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የኢጣልያ ጦር ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ ገፋው። ይህን ታሪክ በየድግሱ የሚያነሣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ጀግንነቱ ነው። እኔ ግን ለመኮንኖች ሳስተምር የማነሣው ከጀርባው የነበረውን ድጋፍ ነው፤ የተሳካውንም የከሸፈውንም።

1. ማን ደጋፊ፣ ማን ተደጋፊ እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰን

የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው በጠረጴዛ ላይ ነው። የልዩ ዘመቻው አዛዥ በእርስዎ ሥር ነው ወይስ እርስዎ ለዚህ ተልእኮ ደጋፊው ነዎት? ወይስ ሁለታችሁም ለአንድ የበላይ አዛዥ ተጠሪ ሆናችሁ በመተባበር ብቻ ትሠራላችሁ? ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። በመጀመሪያው እርስዎ ያዛሉ፤ በሁለተኛው እርሱ የሚያስፈልገውንና የሚያስፈልግበትን ጊዜ ይናገራል፣ እርስዎ ደግሞ እንዴት እንደሚያሟሉት ይወስናሉ፤ በሦስተኛው የሚያዝ የለም፣ ስለዚህ የሚያስታርቀው የበላይ አዛዥ በስም መታወቅ አለበት።

በጎጃም ዘመቻ ይህ ነገር ሳይለይ ቆይቶ ነበር። አገሩን የሚያውቀው፣ ከዘመቻው በፊት በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት የኖረው ሳንድፎርድ ቀድሞ ገብቶ ሥራ ጀምሯል፤ ዊንጌት ደግሞ ከኋላ መጥቶ የጦሩን አመራር ያዘ። ሁለቱም ጠንካራ፣ ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ነን የሚሉ ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ ሳንድፎርድ በብርጋዴርነት የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ፣ ዊንጌት ደግሞ የጦሩ አዛዥ እንዲሆኑ ተወሰነ። እስከዚያ ድረስ ግን በሁለቱ መካከል መጓተት ነበር። ሁለት ጥሩ አዛዦች በአንድ ቀጠና ካልተለዩ ከአንድ ደካማ አዛዥ የባሰ ችግር ይፈጥራሉ።

ስለዚህ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የስምምነት ጽሑፍ ያዘጋጁ። በውስጡም የድጋፉ ዓላማ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ጊዜ፣ የሚሰጠው ነገር ዓይነትና መጠን፣ እንዲሁም የድጋፉ ወሰን ይግባ። ብዙዎች የሚረሱት አንድ አንቀጽ አለ፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት እንዲጻፍ እጠይቃለሁ፦ የእርስዎ ክፍል ራሱ በዚያው ሰዓት ጥቃት ቢደርስበት ለልዩ ዘመቻው የተመደበው መድፍ፣ መኪናና ተጠባባቂ ኃይል ለማን ይቆማል? ይህን ጥያቄ ተኩስ ከተከፈተ በኋላ በሬዲዮ መከራከር አይቻልም።

2. ለምን እንደመጡ ይረዱ፣ እንደ ተጨማሪ እግረኛ አይቁጠሯቸው

የሰው እጥረት ያለበት አዛዥ በቀጠናው ሃያ የሠለጠኑ ሰዎች ሲያይ ኮረብታ እንዲይዙለት ይመኛል። ፍላጎቱ የሚገባ ነው፤ ግን አይጠይቁ። ኮማንዶን ለማሠልጠን ዓመታት ይፈጃል፤ ምሽግ ለመያዝ ግን የእርስዎ ጋንታ ይበቃል።

3. አገናኝ መኮንን ይለዋወጡ

ድጋፉ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ከእርስዎ አንድ መኮንን ወደ ልዩ ዘመቻው ማዘዣ ጣቢያ ይሄዳል፤ ከእነርሱም አንድ ሰው ወደ እርስዎ ይመጣል። በየክፍሉ ያለው መጥፎ ልማድ ግን ለዚህ ሥራ ሥራ ያጣውን፣ ከአለቃው ጋር የተኳረፈውን ወይም ገና የተመደበውን መኮንን መላክ ነው። የሚላከው ሰው ሲሄድ ክፍልዎ የሚጎዳበት መሆን አለበት፤ ካልጎዳዎት የላኩት ሰው ትክክለኛው አይደለም ማለት ነው።

አገናኙ መኮንን ሲሄድ በራሱ ሬዲዮና በራሱ ኦፕሬተር፣ በትርፍ ባትሪ፣ በሁለቱም ወገን የሚሠራበትን ካርታ አንድ ዓይነት እትም ይዞ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በስምምነቱ ጽሑፍ ውስጥ ያለውን ነገር ሳያስፈቅድ «እሺ» የማለት ሥልጣን ይዞ ይሂድ። «አለቃዬን ልጠይቅ» ብቻ የሚል አገናኝ ከመልእክተኛ አይለይም። አንድ ደብተርም ይያዝ፤ በግራ ገጹ የተጠየቀው፣ ሰዓቱና የጠያቂው ስም፣ በቀኝ ገጹ የተሰጠው ምላሽና የተፈጸመበት ሰዓት ይጻፍ። በቀኝ በኩል ባዶ የቀረ መስመር ካለ፣ የዚያን ምሽት እንቅልፍ የለም።

ሰዓትን በተመለከተ ለእኛ አገር መኮንን ብቻ የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዱ ወገን በአገራችን አቆጣጠር፣ ሌላው በሬዲዮ ልማድ በ24 ሰዓት አቆጣጠር የሚናገር ከሆነ «በ10 ሰዓት» የተባለው ቀጠሮ ለአንዱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ለሌላው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሆናል። ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ በስምምነቱ ጽሑፍ የመጀመሪያ መስመር ላይ አስፍሩት፤ ሰዓታችሁንም በአንድ ላይ ሙሉ።

4. መሬቱን በአንድ ዓይን እዩት

ከዓመታት በፊት በአንድ የመስክ ልምምድ ላይ እኔ ራሴ አገናኝ መኮንን ነበርሁ። ለአንድ ቡድን ስንቅና ባትሪ የሚያደርስ መኪና መላክ ነበረብኝ፤ የመገናኛውን ቦታ በሬዲዮ ስጠይቅ «ከማርያም በታች፣ መንገዱ ወንዙን ከሚያቋርጥበት» ተባልሁ። ቦታውን አውቀዋለሁ ብዬ ሹፌሩን አስረድቼ ላክሁት። ጎጃም ውስጥ ግን በየሸለቆው ማርያም አለች፤ ከእያንዳንዷም በታች ወንዝ አለ። ሹፌሩ መብራት አጥፍቶ፣ ካፖርቱን ተከናንቦ፣ ዝናብ እየወረደበት እስኪነጋ ድረስ በሌላዋ ማርያም ሥር ጠበቀ። ቡድኑ ደግሞ ሁለት ሸለቆ አልፎ፣ ባትሪው ሊያልቅ ደርሶ፣ የጨለመ መንገድ ሲያይ አደረ። ልምምድ ስለሆነ የከፈልነው በስድብ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የቦታ ስም ብቻውን አልቀበልም። እያንዳንዱ የመገናኛ ነጥብ በካርታ ፍርግርግ ቁጥር ይሰጥ፤ ተቀባዩ ቁጥሩን መልሶ ያንብበው፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ለማረጋገጫ ይጨመር። ቁጥሩና ስሙ ካልተስማሙ መኪናው አይነሣ። የካርታው እትምና መለኪያም አንድ ይሁን።

ቀጥሎ የተኩስ ክልከላ ወሰን ይሰመር። ቡድኑ የሚተላለፍበት፣ የሚያድርበትና የሚያደባበት አካባቢ ያለ ልዩ ዘመቻው አዛዥ ፈቃድ የእርስዎ መድፍ፣ ሞርታርና አድፋጭ የማይተኩስበት ክልል ሆኖ በካርታ ላይ ይሠመራል። ይህን ወሰን ማወቅ ያለባቸው ሰዎች ጥቂት መሆናቸው ትክክል ነው፤ ጥቂት ይሁኑ ማለት ግን የሞርታሩ አዛዥ አይወቅ ማለት አይደለም። ምክንያቱን ሳይነግሩት «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት በዚህ አራት ማዕዘን ውስጥ አትተኩስ» ማለት ይበቃል።

የወገን ኃይል የት እንዳለና ጠላት መቼ እንደሚንቀሳቀስ አለማወቅ ምን እንደሚያስከፍል የቡሬና የደምበጫ መንገድ ያስታውሳል። የኢጣልያ ጦር የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። 2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ቀድሞ አልፎ በዚያው መንገድ ላይ ነበር፤ የካቲት 27 ቀን በሺዎች የሚቆጠረው የሚያፈገፍግ ጦር መጥቶ በላዩ ላይ ወደቀ። ሻለቃው ቆሞ ተዋጋ፣ ለጠላትም ከባድ ዋጋ አስከፈለው፤ ነገር ግን ራሱም ክፉኛ ተጎዳ፣ በዚያች ሰዓትም ብቻውን ነበር። ጠላትን ከኋላ የሚገፋና ከፊት የሚቆርጥ ሁለት ኃይል ሲኖር፣ ገፊው «ጠላት አሁን ተነሣ» የሚለውን ዜና ለቆራጩ የሚያደርስበት መንገድ ከሌለ፣ የመቁረጡ ቦታ ወጥመድነቱ ለራስ ወገን ይሆናል።

5. የመግቢያና የመውጫ በር

ቡድኑ በእርስዎ መስመር አልፎ ይወጣል፣ በእርስዎ መስመር ይመለሳል። መውጣቱ ቀላል ነው፤ ሁሉም ሰው ንቁና ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሰው የሚሞተው ሲመለስ ነው፤ ደክሞ፣ ጭቃ ለብሶ፣ ምናልባትም የአካባቢውን ሰው መስሎ ጋቢ ተከናንቦ ሲመጣ።

አንድ ድልድይ እናስብ። ጠባቂው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ተቀይሯል። የይለፍ ቃሉም በዚያው ሰዓት ተለውጧል። ቡድኑ የወጣው ከአራት ቀን በፊት ስለሆነ በእጁ ያለው የይለፍ ቃል የመጀመሪያው ቀን ነው። ከማዶ ሦስት ጥላዎች ይታያሉ፤ ጠባቂው «ቁም!» ይላል፤ መልስ ይሰጣሉ፤ መልሱ ስሕተት ነው። ይህ ልጅ ሥራውን በትክክል ቢሠራ ወገኑን ይገድላል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ለቡድኑ የሁሉም ቀናት የይለፍ ቃል ዝርዝር ሳይሆን (ቢማረክ ሁሉም ይጋለጣልና) ለእርሱ ብቻ የሚያገለግል፣ እስኪመለስ የማይለወጥ የተለየ መለያ ይሰጠው፤ ከቃሉ በተጨማሪም የሚታይ ምልክት ይኑር፣ ለምሳሌ በተስማማችሁበት ቁጥር የሚበራ የእጅ ባትሪ። በዚያ ኬላ በሚመለሱበት ሌሊቶች ሁሉ የቡድኑን ሰዎች በመልክ የሚያውቅ አንድ መኮንን ወይም ከአገናኞቹ አንዱ ይደር። ሁለተኛ መመለሻ ኬላም ይዘጋጅ፤ ወንዝ ሞልቶ ወይም ጠላት አሳድዶ በሌላ በኩል ሊመጡ ይችላሉ።

6. ስንቅ፣ ጭነትና እንስሳት

የጌዴዎን ኃይል ከሱዳን ሜዳ ወደ ጎጃም ደጋ የወጣው በሺዎች በሚቆጠሩ ግመሎች ነበር። ግመል ለቆላው አሸዋና ቁጥቋጦ ይሆናል፤ ወደ በላያ ተራራና ከዚያም ወደ ደጋው አቀበት ሲወጣ ግን ድንጋዩ ኮቴውን ሰንጥቆት፣ ብርዱ ቆርጦት፣ የለመደውን መኖ አጥቶ በየመንገዱ ወደቀ፤ አብዛኛው አልተረፈም። መኪናም ተሞክሮ ነበር፤ ጥርጊያ በሌለበት አገር ብዙ አልተጓዘም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ተልእኮውን የሚያቅደው ሰው መሬቱን ለሚያውቅ ባለጭነት አስቀድሞ ካልጠየቀ፣ የጭነቱ ዓይነት ዘመቻውን እንደሚያዘገየው ነው። የጎጃም ነጋዴ ለዚህ ጥያቄ መልሱን ያውቀው ነበር፤ ለደጋ በቅሎ፣ ለቆላ አህያና ግመል።

ድጋፍ ሰጪው መኮንን ሒሳቡን ራሱ ይሥራ እንጂ «የሚበቃ ስንቅ» ብሎ አይጻፍ። ሃያ አራት ሰው ለአምስት ቀን፣ በቀን ለአንድ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ደረቅ ስንቅ ቢያዝ 180 ኪሎ ይሆናል። የሬዲዮ ባትሪ 40 ኪሎ፣ ጥይትና መድኃኒት 60 ኪሎ ብንጨምር ድምሩ 280 ኪሎ ነው። ለአንድ በቅሎ በአቀበት መንገድ 70 ኪሎ ብንይዝ አራት በቅሎ ይበቃል ማለት ነው፤ አምስተኛዋን ግን ባዶዋን ይላኩ፤ አንዷ ብታነክስ ወይም ሰው ቢቆስል የምትጫነው እርሷ ናት። ለእንስሳቱ የሚሆነው ገብስም በጭነቱ ውስጥ ይቆጠር። ይህን የዘነጋ የስንቅ ኃላፊ በሦስተኛው ቀን የቡድኑን ስንቅ ለበቅሎ ሲያበላ አይቻለሁ።

ወቅቱንም ያስቡ። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ጥቁሩ የዋልካ መሬት መኪናን እስከ አክሱ ይውጠዋል፤ ጭነቱ አስቀድሞ በበጋ መንገድ ወደ ፊት ተወስዶ በተሸሸገ ቦታ ቢቀመጥ ይሻላል። ማከማቻው ሲመረጥ ግን የልዩ ዘመቻው አዛዥ ይምረጠው፤ ለእርስዎ የሚመች ቦታ ለጠላት ዓይንም የሚመች ሊሆን ይችላልና።

ስንቁ ሲገዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ያልተለመደ ብዛት ያለው በሶ፣ ቆሎና በቅሎ በአንድ ቀን ከተገዛ፣ ማታውን አገር ሁሉ ያውቀዋል። ከተለመደው የክፍሉ ፍጆታ ላይ ቀስ በቀስ ይቀመጥ እንጂ አዲስ ግዢ አይታይ።

7. የተኩስና የአየር ድጋፍ

ተኩስ የሚጠራው ዒላማውን የሚያየው ሰው ነው፤ ስለዚህ ከቡድኑ ውስጥ ማን ጠሪ እንደሆነ፣ በየትኛው ድግግሞሽና በምን የጥሪ ስም እንደሚጠራ የመድፍ ክፍሉ ቀድሞ ይወቅ፤ አንድ ጊዜም በእውነተኛው ሬዲዮ በባዶው ይለማመዱት። ሄሊኮፕተር የሚታሰብ ከሆነ ከፍታው ይቆጠር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ሄሊኮፕተር የሚያነሣው ክብደት ስለሚቀንስ፣ በቆላ አሥር ሰው የሚጭነው ሄሊኮፕተር በደጋ ያንኑ ላይጭን ይችላል። አብራሪው ይጠየቅ፤ አይገመት።

በ1980 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ኢራን ውስጥ የታገቱ ዜጎቻቸውን ለማስለቀቅ ስምንት ሄሊኮፕተር ላኩ፤ ዝቅተኛው የሚያስፈልገው ስድስት ነበር፤ በረሃው ላይ ለሥራ ብቁ ሆኖ የተገኘው አምስት ብቻ ሆነ። ዘመቻው ተቋርጦ ሊመለሱ ሲሉ አንድ ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ስምንት ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎቹ፣ ኮማንዶዎቹና የነዳጅ አውሮፕላኖቹ ከተለያዩ ክፍሎች ተውጣጥተው ሁሉም በአንድ ላይ ሙሉ ልምምድ አላደረጉም ነበር። እርስዎም የሚያበድሩት መኪናና ሹፌር እንኳ ቢሆን፣ ልምምዱ ላይ የነበረው ሹፌር በዘመቻው ሌሊት መሪውን የሚይዘው እርሱ ራሱ ይሁን።

8. ፈጥኖ ደራሽ ኃይል

ልዩ ዘመቻ የሚፈጽም ቡድን ትንሽ ነው፤ ከተከበበ በራሱ አይወጣም። የሚያወጣው የእርስዎ ኃይል ነው።

መስከረም 23 ቀን 1986 ዓ.ም. በሞቃዲሾ የሆነው የዚህ ምዕራፍ ዋና ማስረጃ ነው። ከሰዓት በኋላ የአሜሪካ ልዩ ኃይሎች ሰዎች ለመያዝ ወደ ከተማው ገቡ፤ ሄሊኮፕተር ወደቀ፤ ሰዎቹ ተከበቡ። በከተማው የፓኪስታን ታንኮችና የማሌዥያ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ስለ ዘመቻው አስቀድሞ አልተነገራቸውም። እርዳታው ከተከበቡት ዘንድ ሳይደርስ እኩለ ሌሊት አለፈ፤ ምክንያቱም ተሽከርካሪ መጠየቅ፣ ቋንቋ ማግባባት፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ መመደብና መንገዱን ማስረዳት ሁሉ የተጀመረው ከአደጋው በኋላ ነበር። 18 አሜሪካውያን ሞቱ፤ ለማዳን ከሄዱትም አንድ የማሌዥያ ወታደር ሞተ። ምስጢር መጠበቁ ልክ ነበር፤ ምስጢሩ ከሚያድነው ሰው ጭምር መጠበቁ ግን ልክ አልነበረም።

ስለዚህ ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ቡድኑ ከመውጣቱ በፊት ይሰየም፤ ሌላ ሥራ አይሰጠው። አዛዡ የመሬቱን አምሳል በአሸዋ ገበታ ላይ ይይ። ሁለት መንገድ በቀን፣ አንዱን በሌሊት ተጉዞ ሰዓቱን ይለካ፤ «ግማሽ ሰዓት ይፈጃል» የሚለው ግምት በጎጃም ገደልና ወንዝ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዓት ይሆናል። የሚጠራው ቃልም አንድና አጭር ይሁን፤ ያ ቃል በሬዲዮ ሲሰማ ተጨማሪ ፈቃድ ሳይጠየቅ ኃይሉ ይነሣ። የማስነሣት ሥልጣን ለማን እንደተሰጠ በመጀመሪያው ስምምነት ላይ ይጻፍ።

9. ቁስለኛ

የእርስዎ የሕክምና ክፍል ቁስለኛን የት እንደሚቀበል፣ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚያሳልፍ፣ የቡድኑ ሰዎች የደም ዓይነትና የመድኃኒት አለርጂ ዝርዝር በታሸገ ፖስታ በእጁ እንዳለ ያረጋግጡ። ስሙ የማይታወቅ ቁስለኛ ሲመጣ ማን ነህ እያለ ጊዜ የሚያባክን የመግቢያ ጸሐፊ እንዳይኖር፣ ተራ ቁጥር ብቻ ተሰጥቶት እንዲያልፍ አስቀድሞ ይታዘዝ።

10. ስለ አገሩ የሚያውቁትን ያካፍሉ

በአንድ ቦታ ወራት የቆየ መደበኛ ክፍል ኮማንዶ በሳምንት የማያገኘውን ያውቃል፦ የትኛው መሻገሪያ ከመስከረም በኋላ ይደርቃል፣ የትኛው ገበያ በየትኛው ቀን ይቆማል፣ ከየትኛው መንደር ውሻ ይበዛል፣ ማን ከማን ጋር ደም ተቃብቷል። ይህ መረጃ አብዛኛውን ጊዜ በሪፖርት ውስጥ የለም፤ በጋንታ መሪዎችና በሹፌሮች ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፤ ስለዚህ እነርሱ ከኮማንዶው የመረጃ ሰው ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩ።

ሳንድፎርድ ጎጃም ሲገባ የጠበቀው ፈተና የኢጣልያ ጦር ብቻ አልነበረም፤ እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉት የአርበኛ መሪዎች እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ነበሩ። መሣሪያና ማርትሬዛ ብር ከማደሉ በፊት እነርሱን ማስማማት ነበረበት፤ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው ቢነፍግ ዘመቻው ሳይጀመር ይፈርስ ነበር። ዛሬም ቢሆን አንድን ሽማግሌ አስጠርቶ ሌላውን የተወ አዛዥ ሳያውቀው ወገን ይዟል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሕግ አለ። ሲቪል ሰው ዒላማ አይደለም፤ የተማረከ ሰው ሰብአዊ አያያዝ ይገባዋል፤ በልዩ ዘመቻ ስለተያዘ ይህ አይቀርም። ቡድኑ የያዘውን ሰው ለእርስዎ ሲያስረክብ፣ የተያዘበት ቦታና ሰዓት፣ በላዩ የተገኘው ዕቃ፣ ያለበት የጤና ሁኔታ በጽሑፍ ይረከቡ። ያለ ጽሑፍ የተረከቡት ሰው ላይ የደረሰው ጉዳት ሁሉ የእርስዎ ይሆናል።

11. ዐይን መሳብና ዐይን አለመሳብ

የጌዴዎን ኃይል ትልቁ ደጋፊ ጎጃም ውስጥ አልነበረም። የእንግሊዙ ጄኔራል ዊልያም ፕላት በሰሜን፣ በኤርትራ ከረንን ይወጋ ነበር፤ ሌላው የእንግሊዝ ጄኔራል አለን ካኒንግሃም በደቡብ ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያ በኩል ይመጣ ነበር። ከረን መጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደቀች፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ በገቡበት በዚያው ዕለት የካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ኢጣልያኖች ጎጃምን በሌላ ጦር ማጠናከር ያልቻሉት ሁለቱ መደበኛ ግንባሮች ስላሰሯቸው ነው። በተቃራኒውም በጎጃም የታሰረው ጦር ወደ ከረን አልሄደም።

በሻለቃ ደረጃም ይህ በትንሹ ይሠራል። ቡድኑ በምሥራቅ ሲገባ እርስዎ በምዕራብ አስቀድሞ የታቀደ ቅኝት ያድርጉ፤ ሞርታርዎ የተለመደውን የሌሊት ተኩስ ይተኩስ። ማሳሳቻው እንዲሠራ ግን ከልማድዎ ጋር መመሳሰል አለበት። በሳምንት ሁለት ቅኝት የሚልክ ክፍል በድንገት በቀን አምስት ቢልክ፣ ለጠላት «ነገ አንድ ነገር አለ» ብሎ ደብዳቤ እንደመጻፍ ነው። ካልተጠየቁም ምንም አይጨምሩ። አንዳንድ ጊዜ የሚሰጡት ምርጡ ድጋፍ እንደ ትናንቱ መዋል ነው።

12. ውጤቱን ይረከቡ

ትንሽ ኃይል በር ይከፍታል፤ በሩን ከፍቶ የሚያቆየው ግን ብዙ ሰው ነው። በታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. በአፍጋኒስታን ቶራ ቦራ ተራሮች የነበሩት ጥቂት የልዩ ዘመቻ ሰዎች ወደ ፓኪስታን የሚያወጡትን መተላለፊያዎች የሚዘጋ ተጨማሪ ጦር እንዲላክላቸው ጠይቀው ነበር፤ አልተላከላቸውም፤ የሚታደነውም ኦሳማ ቢን ላደን አመለጠ። በአንጻሩ በ2000 እ.ኤ.አ. በሴራሊዮን እንግሊዞች የታገቱ ወታደሮቻቸውን ሲያስለቅቁ፣ ኮማንዶው ታጋቾቹ ወዳሉበት መንደር ሲገባ አንድ የአየር ወለድ ሻምበል ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለውን የታጣቂዎች ሰፈር በዚያው ሰዓት አጠቃ፤ በኮማንዶው ላይ ከማዶ የሚተኮስ መሣሪያ እንዳይኖር ያደረገው ይህ ነው።

ስለዚህ ቡድኑ ዓላማውን በያዘ በስንት ሰዓት ውስጥ የእርስዎ የትኛው ሻምበል ደርሶ ቦታውን እንደሚረከብ፣ በየት በኩል እንደሚገባና በምን ምልክት እንደሚለይ ከመጀመሪያው ይጻፍ። ርክክቡ ሲፈጸም ሁለቱ አዛዦች ጎን ለጎን ቆመው መሬቱን እያዩ ይነጋገሩ፤ የተቀበረ ፈንጂ፣ ያልተፈተሸ ቤት፣ ያልተቀበረ አስከሬን የት እንዳለ በእጅ እየተመለከተ ይነገር።

ቡድኑ ከተመለሰ በኋላ አገናኙ መኮንን ደብተሩን ይዞ ይምጣ። በግራ ገጹ የተጠየቀውንና በቀኝ ገጹ የተሰጠውን ከሁለቱም ወገን ሰዎች ጋር መስመር በመስመር አንብቡት፤ የዘገየው በስንት ደቂቃ እንደዘገየና ለምን እንደሆነ በኅዳጉ ላይ ጻፉ። በቅሎዎቹም ይቆጠሩ፤ አምስት ከወጡ አምስት መመለሳቸውን፣ ጀርባቸው ቆስሎ እንደሆነም ይታይ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እነዚያው በቅሎዎች ያስፈልጋሉና።